ጎቢዬ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ፤ ድንጋዩን ላንሳው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ወር የሆነው 75 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ውስጡ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አምስት ቀንድ አውጣ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋና አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አለ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ጎቢ የሚባለውን አሸዋ ቆፋሪ ዓሣ፣ ጣቴን የማያክል ቢጫ፣ አስገባሁ። የመጀመሪያ ቀን ማሞቂያው ስር ተለጥፎ ቁና ቁና ሲተነፍስ አመሸ። ጠዋት ስነሳ የለም። ከታችኛው ድንጋይ ስር አንድ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ አፉ የጠርሙስ ክዳን ያህላል። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።

ውሃውን ለካሁ። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 10፣ ጨው 1.025፣ ሙቀት 25 ዲግሪ። ምግብ ስጨምር ክላውኖቹ ጠራርገው ይበሉታል። ሞቶ ከሆነ እዚያው በስብሶ ውሃውን ያበላሽብኛል። በሕይወት ካለም በረሃብ ማለቁ ነው። ድንጋዩን ላንሳና ልየው? እውነቱን ለመናገር እጄን እየበላኝ ነው።

መልሶቹ

ይህን የአኳሪየም መድረካችን ላይ ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። መልሶቹ 31 ደርሰዋል። መሃል ላይ ጠብ አለ፣ ከርዕሱ የወጣ ወሬም ሞልቷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ስለሚሰለቸው እኔው ባለጉዳዩ በተራ ላውራው። ቶሎ የማልፈው አለ፤ የምቆይበትም አለ።

1ኛው መልስ የመጣው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሰላምታውን አስቀድሞ ነው የጀመረው። ዘጠኝ ቀን ምንም ማለት እንዳልሆነ ነገረኝ። የእሱ ጎቢ ፊቱን ያሳየው በ24ኛው ቀን ነበር። ቆፋሪ ዓሣ አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ጣሪያ ነው፤ ምግብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወፍራም ሆኖ የገባ ጎቢ ጥቂት ቀን መጾም አያቅተውም፣ አሸዋውና ድንጋዩ ውስጥም የሚለቃቅመው አያጣም። በመጨረሻ አኳሪየሙ ክዳን እንዳለው ጠየቀኝ። አለው፣ ከኋላ የገመድ ማለፊያው ብቻ ክፍት ነው አልኩ። እሱንም ነገ እደፍነዋለሁ ብዬ ጨመርኩ።

ሁለተኛዋ መላሽ ያቺን ማለፊያ ያዘቻት። አሸዋውን ከመጠየቅህ በፊት ወለሉን ጠይቅ የሚል ነገር ነበር ምክሯ። ጎቢ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ላይ እንደተሰፋ ቁጭ ይላል። ሲደነግጥ ግን እንደ ቀስት ነው ወደ ላይ የሚወረወረው፣ በተለይ መብራት ድንገት ሲጠፋ። የእሷን ከአንድ ወር በኋላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አገኘችው፣ እንደ ቅጠል ደርቆ። የወጣበት ቀዳዳ ሁለት ጣት እንኳን አያስገባም ነበር። እኔም መሬት ላይ ተኝቼ በስልኬ መብራት ፈለግኩ። አቧራ፣ አንድ ብሎንና ጠፍቶብኝ የነበረ የመመርመሪያ ጠርሙስ ክዳን አገኘሁ። ዓሣ የለም። ያገኘሁትን እዚያው ጽፌ ተነሳሁ፤ ቀዳዳዋን ግን አልደፈንኳትም።

3ኛው መላሽ አስተማሪ ቢጤ ነው። ጎቢ አለኝ ማለት ወፍ አለኝ እንደማለት ነው አለ። የጎቢ ቤተሰብ ወደ 2,000 የሚጠጋ ዝርያ አለው። አሸዋ ከሚቆፍሩት መሃል ወደ ቤት አኳሪየም የሚመጡትን በሁለት ከፈላቸው። አንደኞቹ ዘበኞች ናቸው። ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ፣ ምግብ ወደ እነሱ ሲመጣ ነው የሚነጥቁት። ሌሎቹ አበጣሪዎች ናቸው። አሸዋ በአፋቸው ይዘግናሉ፣ የሚበላውን ያስቀራሉ፣ ቀሪውን በስንጥባቸው ይለቁታል። ጠባያቸውም ቀለባቸውም ለየቅል ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ምክር መስጠት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው ብሎ ፎቶ ጠየቀኝ።

በገባ ዕለት ያነሳሁትን ፎቶ ለጠፍኩ። ቢጫ ገላ፣ ፊቱ ላይ ደቃቅ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ወፍራም ከንፈር፣ ኩርፊያ የማይለቀው ፊት። ክሪፕቶሴንትረስ ሲንክተስ፣ ማለትም ቢጫው ዘበኛ ብሎ ፈረደ። ሲያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። መገኛው የምዕራብ ፓስፊክ ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ባሕር ነው። 75 ሊትር ይበቃዋል።

በ4ኛውና በ5ኛው የውይይቱ ክር ከርዕሱ ትንሽ ተንሸራተተ። አንዱ የጎቢ የሆድ ክንፎች ተጋጥመው እንደ ኩባያ ስለሚሆኑ በእነሱ ተጣብቆ እንደሚቆም አመጣ። 3ኛው ወዲያው አረመው፤ አበጣሪዎቹ ላይ ክንፎቹ የተለያዩ ናቸው። ሌላኛዋ ኤቪዮታ ሲጊላታ የምትባለውን ደቃቃ የሪፍ ጎቢ አነሳች። በ2005 የታተመ ጥናት እንደሚለው ቢበዛ 59 ቀን ነው የምትኖረው። አጥንት ካላቸው እንስሳት እስካሁን ከሚታወቀው ሁሉ አጭሩ ዕድሜ ይሄ ነው። የእኔ ዘጠኝ ቀን ለእሷ ሲሶ ጉልምስና እንደሚሆን ቀልዳ አለፈች። ሳቅኩ። ግን አላጽናናኝም።

ነገሩ የተገለበጠው በ6ኛው ነው። መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡ። ብዙ አይጽፉም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። ድንጋዩ የቆመው መስታወቱ ላይ ነው ወይስ አሸዋው ላይ?

አሸዋው ላይ ነው። መጀመሪያ አሸዋውን ዘርግቼ ነው ድንጋዮቹን ያስቀመጥኩት። ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያደርግ መስሎኝ። እንደዚሁ ጻፍኩላቸው።

7ኛው መላሽ እንደ እሳት ነው የመጣው። ቆፋሪ ዓሣ ባለበት ገንዳ ድንጋይን አሸዋ ላይ ማቆም ቤትን ያለ መሠረት መሥራት ነው አለ። ዓሣው ከስር እየዛቀ ባዶ ያደርገዋል፣ አንድ ቀን ድንጋዩ ቁጭ ይልበታል። ይህን ሳያነብ ዓሣ የሚገዛ ሰው ዓሣ ባይዝ ይሻላል አለ። ከዚያ ትእዛዝ ሰጠ፦ አሁኑኑ ድንጋዩን አንሳ። ተሰማኝ፤ አልዋሽም። ሆኖም መከራከሪያ አልነበረኝም።

8ኛዋ ግን ተነሳችበት። ድንጋዩን ማንሳት ማለት ዋሻውን ዓሣው ላይ መናድ ማለት ነው። ጎቢው ከነጣሪያው ነው የሚኖረው፤ ጣሪያው ሲነሳ ግድግዳው በአንድ ጊዜ ይፈሳል። አሸዋው ካላፈነው ደንግጦ ይዘላል። አውቃለሁ ባይነትና ማወቅ አንድ አይደሉም ብላ ጨረሰች። 7ኛው መለሰ፤ 9ኛው ያ ነው፣ የሚነገር አይደለም። በ10ኛው የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ ሁለቱንም ስለ ዓሣው ብቻ እንዲጽፉ ለመነ።

በ11ኛው ጋሼ ተመለሱ። ይሄ መልስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነውና። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብለው ጀመሩ። ድንጋዩ እንዲህ መቆም አልነበረበትም፣ አሁን መነሳትም የለበትም። መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ይነቃነቃል ወይ የሚለውን ነው። የላይኛውን ድንጋይ ጫፍ በአንድ ጣት፣ በር እንደሚገፋ ሳይሆን ቁልፍ እንደሚነካ ገፋ አድርገው አሉኝ። እጄን ታጥቤ አስገባሁ። በግራ በኩል ከታች አንዲት ደቃቅ ድምፅ መጣች። ቅር። የፀጉር ስፋት ያህል ተነቃነቀ። አሸዋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ፍሬዎች ወደ ጉድጓዱ ሲንከባለሉ አየሁ። ልቤ አብሮ ወረደ።

ሲነግሩኝ ብዙ አላስጨነቁኝም። ሸክሙን አቅልለው አሉ። የታችኛውን ሳትነካ የላይኛውን ድንጋይ ቀጥ አድርገህ አንሳ፣ ሌላ ጥግ አሸዋውን እስከ መስታወቱ ጥረግና እዚያ አስተኛው። ከዚያ ለታችኛው፣ ከጉድጓዱ በተቃራኒ በኩል ባለው ጠርዝ ስር ጠፍጣፋ የኮራል ስባሪ እንደ ሽብልቅ አስገባ፤ አትምታ፣ አስደግፈው ብቻ። አኳሪየሙን እንደ አዲስ የምትሠራ ቀን ድንጋዩን ባዶ መስታወት ላይ ወይም አጫጭር የፕላስቲክ ቧንቧ እግሮች ላይ አቁመህ አሸዋውን ከዚያ በኋላ ታፈሳለህ። ዓሣው የፈለገውን ቢቆፍር ድንጋዩ ከቦታው አይሄድም።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሦስት ስባሪ አስደገፍኩ። ድጋሚ በጣቴ ነካሁት። ጸጥ። ያን ማታ ክላውኖቹ አዲሱን ድንጋይ ሲዞሩ አመሹ፤ ጎቢው አሁንም የለም።

ከ12 እስከ 15 ያሉት መልሶች ስለ አሸዋ ናቸው። 4 ሴንቲ ሜትር ለዘበኛ ጎቢ ትንሽ ነው፣ ከ5 እስከ 8 ይሁን የሚለው ላይ ብዙዎች ተስማሙ። ከጥልቀቱ ይልቅ ቅይጡ ነው የሚባለውም ነበር። ደቃቅ አሸዋ ብቻውን ዋሻ አይይዝም፤ እንደ ስኳር ይፈሳል። ደቃቁ ከስባሪ ኮራልና ከተሰባበረ ዛጎል ጋር ሲደባለቅ ነው ጣሪያ የሚቆመው። ጎቢው ራሱ ስባሪ በአፉ እየለቀመ የጉድጓዱን አፍ ይደግፋል። አንዱ ግን አሸዋ ሲወፍር ስሩ ኦክስጅን ያጣል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጠራቀማል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር አሸዋ ሲነካ ዓሣ ይገድላል ብሎ አስፈራራ። ሌላው መለሰለት፦ ያ ለዓመታት ሳይነካ የከረመ ወፍራም አሸዋ ችግር ነው፣ ቆፋሪ ያለበት አሸዋ ግን ሁልጊዜ ይገለባበጣል። አልተስማሙም። እኔ መሃሉን ያዝኩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የታጠበ ቅይጥ በቧንቧ እያንጠባጠብኩ፣ ከጉድጓዱ ርቄ፣ በሦስት ቀን ጨመርኩ። በአንድ ጊዜ ብገለብጠው ውሃው ደፍርሶ የጉድጓዱ በር ይዘጋ ነበር።

16ኛው መልስ የክሩ ጌጥ ነው። ጸሐፊዋ ለጎቢዬ ጓደኛ እንድገዛለት መከረችኝ፦ ተኳሽ ሽሪምፕ። የእሷ አልፊየስ ራንዳሊ ነው፤ ቀይና ነጭ ሰንበር አለው፣ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሽሪምፑ ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል። ሁለት መቆንጠጫውን አጋጥሞ አሸዋውን እንደ ዶዘር ከዋሻው እየገፋ ያወጣል፣ በሩ ላይ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይገባል። ዓይኑ ደካማ ነው። ስለዚህ ሲወጣ አንዱን አንቴናውን ጎቢው ጅራት ላይ አሳርፎ ነው። ጎቢው አደጋ ሲያይ ጅራቱን ፈጠን አድርጎ ያራግባል፤ ሽሪምፑ ወደ ኋላ ይሸሻል። አደጋው ከባሰ ጎቢው ራሱ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ይገባል። ማታ ሁለቱም ውስጥ ይሆኑና በሩ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ገንዘብ የወጣበት የኮራል ቁራጭ ጠፍቶባት ለሳምንት ስትፈልግ ከርማ፣ የዋሻው መቃን ሆኖ አገኘችው። አልነቀለችውም።

3ኛው አስተማሪያችን እዚህ ጋ ደስ ብሎት ተመለሰ፣ በ17ኛው። ይህን ጉርብትና በሳይንስ ጽሑፍ በደንብ ያስተዋወቀው በ1958 የታተመ የቀይ ባሕር ጥናት እንደሆነ ነገረን። ጥናቱ ያየው ሽሪምፕ አልፊየስ ጂቡተንሲስ ይባላል፣ ስሙ የጂቡቲ ነው። ዛሬ ከሽሪምፕ ጋር የሚኖሩ የጎቢ ዝርያዎች ከ100 በላይ ይቆጠራሉ። በመንገዱ ደግሞ ሽሪምፑ ዕውር ነው የሚለውን የተለመደ ወሬ አረመ። ደካማ ነው እንጂ ብርሃንና ጥላ ይለያል።

ከዚያ ወሬው ወደ ተኩሱ ሄደ። 18ኛው ያ ሽሪምፕ መስታወት ይሰብራል ብሎ አስጠነቀቀኝ። 19ኛው አስቆመው። መስታወት ይሰብራል የሚባለው ማንቲስ ሽሪምፕ ነው፤ ሌላ እንስሳ፣ ሌላ መሣሪያ። ተኳሹ ትልቁን መቆንጠጫውን በፍጥነት ሲዘጋ የውሃ ጨረር ይወረውራል፣ ጨረሩ አረፋ ይፈጥራል፣ ጧ የሚለው አረፋው ሲጨመቅ ነው። በ2000 የታተመ ምርምር ድምፁ ከመቆንጠጫዎቹ መጋጨት ሳይሆን ከአረፋው እንደሆነ አሳየ። በ2001 ደግሞ ያ አረፋ ሲሰባበር በዓይን የማይታይ ቅጽበታዊ ብርሃን እንደሚወጣው፣ ውስጡም ቢያንስ 5,000 ኬልቪን እንደሚደርስ ተነገረ። መጀመሪያ ስትሰማው ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው የሚመስልህ፤ 19ኛው ራሱ ሌሊት ስንቴ እንደተነሳ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ለጊዜው ሽሪምፕ አልገዛም አልኩ። መጀመሪያ ጎቢው መኖሩን ልወቅ። ለመሆኑ ያለ ሽሪምፕ ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። በ20ኛው ጋሼ አጭር መልስ ሰጡኝ። ባሕር ላይ ያለ ጓደኛው ጠላት ይበዛበታል። ገንዳ ውስጥ ጠላት ስለሌለ ለብቻው ይኖራል፤ ድንጋይ ስር የራሱን ጎድጓዳ ያበጃል። ሽሪምፑ ሲመጣ ቁፋሮው በእጥፍ ስለሚጨምር ድንጋዬን ሳላስተካክል እንዳላስበው መከሩኝ።

21ኛው አሳዛኝ ነው። ጸሐፊው የኔን ፎቶ ሲያይ የራሱ ትዝ ብሎት ነው የገባው። እሱ የያዘው አበጣሪ ነበር፤ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው ቫለንሲኤና ፑኤላሪስ። ሻጩ አሸዋ እንደሚያጸዳለትና ሌላ ምግብ እንደማያስፈልገው ነግሮት ነበር። እውነትም አሸዋው በሁለት ሳምንት እንደ ወረቀት ነጣ። ዓሣው ጠዋት ማታ ሲዘግን ስላየው ጠግቧል ብሎ አመነ። ለካ የሚዘግነው ባዶ አሸዋ ነው። ደቃቅ ነፍሳቱን በልቶ ጨርሷቸዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ ጎደጎደ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ፣ በሁለተኛው ወር ሞተ። አሁን የሚያውቀውን ዘርዝሯል። ሰፊና ያረጀ አሸዋ ያለው ገንዳ፣ ከመግዛት በፊት የቀዘቀዘ ምግብ ሲበላ በዓይን ማየት፣ ከዚያም በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መመገብ። ነጭ አሸዋ ሲያይ አሁንም ደስ አይለውም።

በዚህ ላይ 22ኛው መጥቶ ሁላችንንም ገላመጠን። ዓሣ ባሕር ውስጥ ይቀመጥ፣ እናንተ በስብሰባ ትገድሉታላችሁ አለ። ከሃሳቡ ውስጥ እውነት አለ። አነጋገሩ ግን በር የሚዘጋ ነው። አንዷ ቢጫው ዘበኛ በእርባታ ተፈልፍሎ እንደሚገኝ፣ ያንን መርጦ መግዛት አንድ መንገድ እንደሆነ በእርጋታ መለሰችለት። እሱ ግን አልተመለሰም።

14ኛው ቀን ነው። እስካሁን ምንም የለም። 23ኛዋ ስለ አመጋገብ ጻፈችልኝ፣ ዝርዝሩ ጠቅሞኛል። የቀዘቀዘ ማይሲስ ሽሪምፕ በገንዳው ውሃ አሟሟ። ፓምፑን ለአሥር ደቂቃ አጥፋ። መጀመሪያ ክላውኖቹን በሌላኛው ጥግ አብላቸው። ከዚያ በረጅም ጠብታ መስጫ ምግቡን ከጉድጓዱ አፍ አንድ ስንዝር ርቀህ ቀስ ብለህ ልቀቀው፤ ውስጡ አትንፋው፣ በር ላይ የሚነፋ ነገር ለእሱ ጠላት ነው። እንዳለችው አደረግኩ። ምግቡ አሸዋው ላይ ወረደ። ጠዋት ስነሳ የለም። በነጋታውም እንደዚሁ። ጮቤ ረገጥኩ። በላ ብዬ ጻፍኩ። 24ኛው ምናልባት ጉድጓድ እየቀለብክ ይሆናል ብሎ ቀለደብኝ። ተናደድኩ። ቀልዱ ግን ከልቤ አልወጣም።

25ኛው ለጥንቃቄ ውሃው ላይ የመዳብ መድኃኒት ጨምር አለ፤ ተደብቆ የሚቆይ ዓሣ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ ይዞት ይሆናል በሚል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ጮኸበት፤ ይህ እንኳን ተገቢ ጩኸት ነበር። መዳብ ቀንድ አውጣዎቹን ይጨርሳል፣ ድንጋዩና አሸዋውም ይመጥጡታል። ኋላ ሽሪምፕ ልግዛ ቢሉ የሚያስቸግር ነው። መዳብ የሚሰጠው ለታመመ ዓሣ፣ በተለየ ባዶ ገንዳ ነው። ላልታየ ዓሣ፣ ላልታወቀ በሽታ መድኃኒት አይሰጥም።

26ኛው ያልጠበቅኩት ነው። ያ እሳቱ 7ኛው ተመለሰ። ድምፁ ሌላ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የራሱ ድንጋይ በሌሊት ተንዶ ጎቢውን ከስሩ አገኘው። ድንጋዩን አሸዋ ላይ ያቆመው ራሱ ነው። የኔን ጥያቄ ሲያነብ ያ ሌሊት መጣበት። 8ኛዋን በስሟ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃት። እኔን ደግሞ ሌሊት ቀይ መብራት ይዤ እንድጠብቅ መከረኝ፤ ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም። ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን አኳሪየሙን ከአራቱም ጎን እንዳይ ነገረኝ።

በ17ኛው ሌሊት ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። የስልኬን መብራት በቀይ ላስቲክ ሸፈንኩ። መብራቱ ከጠፋ አርባ ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ማታ ያስቀመጥኳት ማይሲስ ጉድጓዱ በር ላይ ናት። መጀመሪያ አንድ ጫፍ ወጣ፤ ለስላሳ፣ ሮዝ ቢጤ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ነጭ ጸጉር ያለው። ተሳበ፣ ምግቧን ነከሰ፣ እየጎተተ ገባ። ጸጉራም ትል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በጠብታ መስጫ፣ ፓምፕ አጥፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ የቀለብኩት ትል ነበር።

እዚያው ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ 7ኛው ያለው ትዝ አለኝ። ከወንበሬ ተነስቼ በኋላ በኩል፣ ግድግዳውና መስታወቱ መሃል ጭንቅላቴን አስገባሁ። ከፓምፑ ስር፣ አሸዋው ከመስታወቱ የሚገናኝበት ላይ፣ ሌላ ቀዳዳ አለ። አፉ ዙሪያውን በኮራል ስባሪ ተደርድሯል። ከስባሪዎቹ መሃል ሁለት ዓይኖች አፍጥጠው ያዩኛል። ያው ወፍራም ከንፈር፣ ያው ኩርፊያ። ሆዱ ሞላ ያለ ነው። ፓምፑ ወደዚያ የሚገፋውን ምግብ ሲለቅም ነው የከረመው። እኔ የፊት በሩን ሳንኳኳ እሱ በጓሮ በር ይኖራል።

ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ለጠፍኩት። ከ27 እስከ 29 ያሉት ደስታ ናቸው፣ አላወራቸውም። መሃሉ ላይ ትሉን አውጣው፣ አታውጣው የሚል አጭር ክርክር አለ። ጋሼ ዘጉት። ትሉ ትርፍራፊ የሚበላ ጎረቤት ነው፣ በባዶ እጅ ብቻ አትንካው፤ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል። ከበዛ የበዛው ምግብህ ነው አሉኝ። ምግቡን ቀነስኩ።

30ኛው ላይ አሁን ያለበትን ጽፌ ነበር። ቀን ቀንም ይታያል። ጠዋት መብራት ሲበራ ጭንቅላቱ በር ላይ ነው። አሸዋ በአፉ ሞልቶ ይወጣል፣ ትንሽ ይዋኛል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ እኔ በሦስት ቀን አንጠባጥቤ ያስተካከልኩት ላይ ትፍ ይለዋል። ከድንጋዩ ስር ያለው የድሮ ዋሻ ባዶ ነው መሰለኝ። ሽብልቆቹን በየሳምንቱ በጣቴ እነካለሁ፤ አልተነቃነቁም።

31ኛው የሁለተኛዋ ነው። እንኳን ደስ አለህ አላለችም። ያቺ የገመድ ማለፊያ ተደፈነች ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች።

ቀና ብዬ አየኋት። እንዳለች ነበረች። ጎቢው የወጣበት አዲሱ ቀዳዳ ደግሞ በቀጥታ ከስሯ ነው። ያን ማታ ከወንፊት ጨርቅ ቁራጭ ቆርጬ፣ ገመዶቹ የሚያልፉበትን ስንጥቅ ትቼ አሰርኩበት። ስለካት ሁለት ጣት ከግማሽ ነበረች።